ቆርቆሮ፥ ቀለምና ዝገት

በዳንግላና በአካባቢዋ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል፤ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚወርደውም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። ቍጥሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ምንም አይመስልም። ነገር ግን 50 ካሬ ሜትር ጣራ ባለው መጠነኛ ቤት ላይ ሒሳቡን ብንሠራ በዓመት 80,000 ሊትር፥ ማለትም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 400 ጊዜ የሚሞላ ውኃ ይወርድበታል። ይህን ሁሉ ውኃ ተቀብሎ ወደ አሸንዳው የሚያወርደው ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው ደግሞ ከራስ ጠጕር የቀጠነ ሽፋን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ቀጭን ሽፋን ብረቱን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝና ለምን እንደሚለቅ ማስረዳት ነው።

ነገሩ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጕዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ ጓደኛ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። በአዊ ምድር፥ በተለይም በፋግታ ለኮማና በአካባቢው፥ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰሉን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው የሣር ክዳን ቤቱን በቆርቆሮ ለውጧል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን ራሱን በሽታ መታው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሠራ ጣራ እንደ ገና ይሠራ ቢባል ገንዘቡ እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የቀለሙ መያዝና መልቀቅ የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ቍጠባ ጕዳይ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዋናውን ሐሳብ ልናገር፤ ሽፋን ብረትን የሚጠብቀው በውፍረቱ ወይም በመልኩ አይደለም፤ በመያዙ ነው። የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

1. ብረት ለምን ይዝጋል?

ብረት ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ አይደለም፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ቀይ አፈር የመሰለ ማዕድን ሆኖ ነው። የቀድሞ ባለ እጆቻችን በከሰልና በወናፍ፥ የዛሬው ፋብሪካ በታላቅ ምድጃ ኦክሲጅኑን አስለቅቀው ብረቱን ለብቻው ያወጡታል። እንግዲህ ዝገት ማለት ብረቱ ወደ ቀድሞ ቤቱ መመለሱ ነው። ለመመለስም ውኃና አየር ይበቁታል፤ በውኃው ውስጥ ጥቂት ጨው ካለ ደግሞ ጕዞው ይፈጥናል።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ርጥበት ባገኘው ብረት ላይ እንደ ባትሪ ድንጋይ ያለ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሥራ ይጀመራል። በአንዱ ቦታ ብረቱ ኤሌክትሮኖቹን ትቶ በውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ በሌላው ቦታ ኦክሲጅንና ውኃ እነዚያን ኤሌክትሮኖች ተቀብለው የአመድ ውኃ የመሰለ አልካሊ ይፈጥራሉ። ብረቱ የሚበላው በመጀመሪያው ቦታ ነው። ነገር ግን አንባቢ ሁለተኛውን ቦታና አልካሊውን እንዳይረሳብኝ አሳስባለሁ፤ ቀለምን ከብረት ከሚያላቅቁት ጠላቶች አንዱ እርሱ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

ቆርቆሮን ሞገድ እያስመሰሉ ማጠፍን ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1829፥ ብረትን በቀለጠ ዚንክ መለበጥን ስታኒስላ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ በ1837 በየስማቸው አስመዘገቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ዚንክ ከብረት ይልቅ ለመሟሟት የፈጠነ ስለ ሆነ ራሱን ለብረቱ ቤዛ ያደርጋል፤ ጥቂት ጭረት ቢኖር እንኳ በዙሪያው ያለው ዚንክ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። ይሁን እንጂ ቤዛነቱ እስኪያልቅ ድረስ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በሁለቱም ፊት በጠቅላላው 100 ግራም ዚንክ ቢኖር፥ በአንዱ ፊት የሚደርሰው ውፍረት 7 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማይክሮ ሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። አየሩ ንጹሕ በሆነበት ገጠር ከዚህ ላይ በዓመት ከአንድ ማይክሮ ሜትር ያነሰ ይጠፋል፤ ጢስና ርጥበት በሚበዛበት ከተማ ግን ጥፋቱ ይጨምራል።

በገበያ ላይ ገዢው ዘወትር የሚጠይቀው ጌጁን ነው። ጌጅ ግን ስለ ቆርቆሮው ውፍረት እንጂ የተለበጠው ዚንክ ስንት ግራም እንደ ሆነ አይናገርም። ጌጃቸው አንድ የሆነ ሁለት ቆርቆሮዎች አንዱ ቶሎ ቀልቶ ሌላው ብዙ ዘመን የሚቈየው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በዚንኩ ላይ ሌላ ሽፋን የሚደረበውም ይህን ዕድሜ ለማርዘም ነው።

2. ሽፋኑ ከምን ይሠራል?

ሽፋኑ የሚሠራው ፖሊመር ከሚባል ነገር ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ብዙ ክፍል» ማለት ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በብዛት እየተቀጣጠሉ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ፖሊመር ይባላሉ። የግራር ሙጫና ጥጥ የተፈጥሮ ፖሊመሮች ናቸው፤ ፕላስቲክ የሰው ሥራ ነው።

ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። አዲስ ምጣድ ሲገዛ እናቶቻችን በጎመን ዘር ወይም ቅባት ባለው ሌላ ፍሬ እያሹ ደጋግመው በማጋል ያሟሹታል። ቅባቱ በእሳቱ ኀይልና በአየሩ ኦክሲጅን ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰሩና በምጣዱ ፊት ላይ ጠቍሮ የጠነከረ ስስ ሽፋን ይሆናል። ብረት ምጣድም ዘይት ተቀብቶ ደጋግሞ ሲግል እንዲሁ ይሆናል። ይህ ፖሊመርን ከፊት ጋር የማጣበቅ ሥራ ነው፤ ስሙን ሳንሰማ ስንሠራው ኖረናል። ማሟሸትን የሚያውቅ ሰው የነገሩን ግማሽ አስቀድሞ ያውቃል፤ ምጣዱ መጽዳት አለበት፥ ሙቀቱ መድረስ አለበት፥ ቅባቱ ስስ ሆኖ መደጋገም አለበት። አንድ ጊዜ በብዛት ቢያፈሱበት ይላጣል።

የተልባ ዘይትም በስሱ ተቀብቶ በአየር ላይ ሲቈይ ይደርቃል። ደረቀ ስንል እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም፤ ኦክሲጅን እየሳበ ስለሚተሳሰር ነው። በየሱቁ «ሲንቴቲክ» እየተባለ የሚሸጠው የዘይት ቀለም የዚህ ዘር ነው፤ በሙያው ስም አልኪድ ይባላል። ከዚህ ሌላ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ፒየር ካስታን በስዊስ፥ ሲልቫን ግሪንሊ በአሜሪካ ያወጡት ኤፖክሲ አለ፤ ይህ ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ነው። በፋብሪካ ለሚቀባው ባለ ቀለም ቆርቆሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር የተባለው ይውላል።

3. ውኃ የማያሳልፍ ቀለም የለም

አብዛኞቻችን ቀለም ብረትን የሚጠብቀው እንደ ጃንጥላ ውኃውን ከልክሎ ይመስለናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሜይን የተባለ ተመራማሪ ነገሩን በልኬት ሲመረምረው ሌላ ነገር አገኘ። በተለመዱት የቀለም ሽፋኖች ውስጥ የሚያልፈው ውኃና ኦክሲጅን ያልተቀባ ብረትን ለማዛግ ከሚበቃው አያንስም። በሰንሰለቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ለውኃ ሞለኪውል በር ነውና፥ ብረቱ ከተቀባ በኋላም ርጥበት ይደርሰዋል።

ታዲያ የተቀባ ብረት ለምን ቶሎ አይዝግም? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ውኃው ቢያልፍም ኤሌክትሪክን ተሸክመው የሚሄዱት የጨው ቅንጣቶች በሽፋኑ ውስጥ እንደ ልባቸው መመላለስ አይችሉም፤ ስለዚህ ያ ትንሽ ባትሪ መንገዱ ይዘጋበታል። ሁለተኛው ደግሞ፥ ሽፋኑ ብረቱን በየነጥቡ አጥብቆ ከያዘ ያለፈው ውኃ የሚጠራቀምበት ቦታ አያገኝም። አንድ ቦታ ላይ መያዣው ከለቀቀ ግን ውኃው እዚያች ክፍተት ውስጥ ይቋጠራል፥ ጨው ይሟሟበታል፥ ባትሪውም ሥራ ይጀምራል። በተቀባ በር ላይ የምናየው እንደ ውኃ የቋጠረ ቍስል ያበጠ ነገር ይኸው ነው።

በምሳሌ ለመናገር፥ ያልተጣበቀ ሽፋን ጋቢ ነው፤ የተጣበቀ ሽፋን ግን ቆዳ ነው። ጋቢ ቢወፍርም በሥሩ ነፋስና ውኃ ይገባል። ቆዳ ቢቀጥንም ከሥጋው ጋር አንድ ስለ ሆነ በመካከላቸው የሚገባ ነገር የለም።

4. መንካት፥ መንከስ፥ መዋሐድ

ሽፋንና ብረት እንዴት ይያያዛሉ? ባለ ሙያዎቹ ብዙ ንድፈ ሐሳብ ይዘረዝራሉ። እኔ ግን የቋንቋ ተማሪ እንደ መሆኔ ነገሩ በሦስት የአማርኛ ግሦች የሚጠቀለል ይመስለኛል።

የመጀመሪያው መንካት ነው። በኮባ ቅጠል ላይ የወደቀ ውኃ ተንከባሎ ጠብታ ይሆናል፤ በደንብ በታጠበ ብርጭቆ ላይ ግን ይንጣለላል። ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ሊይዘው የሚገባውን ፊት አስቀድሞ በሙሉ መንካት አለበት። ቅባት ባለበት ብረት ላይ ግን ይሸሻል ወይም በቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ብረቱን አያገኘውም። ከፋብሪካ የሚመጣ ላሜራ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል፤ ሠራተኛው በባዶ እጁ ሲይዘው የላቡ ጨውና ቅባት ይቀርበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በታጠበው ብረት ላይ ንጹሕ ውኃ ሲፈስስ አንድ ወጥ ሆኖ ከተንጣለለ ጸድቷል፤ እየተቈራረጠ ከተንጠባጠበ ገና ነው።

ሁለተኛው መንከስ ነው። በጣም የለሰለሰ ፊት ለቀለም መቆናጠጫ የለውም። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሸዋ ግፊት ሲሻክር በዓይን የማይታዩ ሸለቆዎችና ኮረብቶች ይፈጠራሉ፤ ቀለሙ በፈሳሽነቱ ጊዜ ወደ እነዚያ ገብቶ ሲጠነክር ተነክሶ ይቀራል። በቋንቋችን የመጻፊያውም የግድግዳውም ቀለም አንድ ስም አለው፤ የሁለቱም ጥበብ ከዚህ ላይ ይገናኛል። የብራና ጸሓፊ ብራናውን ወጥሮ፥ ፍቆ፥ በድንጋይ አሽቶ ካላዘጋጀው ቀለሙ በደንብ አይዝለትም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በየቤቱ ያለው ቴፍሎን መጥበሻ ነው። ቴፍሎንን ሮይ ፕላንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1938 አገኘው፤ ጠባዩም ምንም ነገር የማይጣበቅበት መሆኑ ነው። ታዲያ ምንም የማይጣበቅበት ነገር እርሱ ራሱ በመጥበሻው ላይ እንዴት ተጣበቀ? በ1954 ማርክ ግሬጉዋር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ አሉሚኒየሙን በአሲድ አስበልቶ በጥቃቅን ጕድጓዶች ከሞላው በኋላ ቴፍሎኑን አግሎ በውስጣቸው እንዲነከስ አደረገው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሥራውን የሚሠራው መንከስ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው መዋሐድ ነው። አየር ያገኘው ብረት ፊቱ ባዶ አይደለም፤ ስስ ኦክሳይድ ለብሶ በላዩ ላይ ሃይድሮክሲል የሚባሉ የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ቆመውበታል። በኤፖክሲም ሰንሰለት ላይ እንዲሁ ያሉ ጥንዶች ስላሉ ይሳሳባሉ። ኤፖክሲ ብረትን አጥብቆ በመያዝ የታወቀበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ውኃም ከነዚያው ጥንዶች ጋር መሳሳብ ይወዳል። በሽፋኑ ውስጥ አልፎ የመጣው ውኃ ቦታውን እየተሻማ ቀለሙን ከወንበሩ ያስነሣዋል። በደረቅ ጊዜ በጥፍር የማይነቀል ቀለም በክረምት እንደ ሽንኵርት ልጣጭ የሚላጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ውኃ የማይፈታው መያዣ መፈለግ ግድ ሆነ። ቶማስ ኮስሌት የተባለ እንግሊዛዊ በ1906 ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ እየነከሩ በፊቱ ላይ የፎስፌት ክሪስታል ማብቀልን በስሙ አስመዘገበ። ክሪስታሉ ከብረቱ የተወለደ ስለ ሆነ አይለቅም፤ ሻካራ ስለ ሆነም ቀለሙን ይነክሳል። የዛሬ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ከመቀባቱ በፊት እንዲህ ያለ መታጠቢያ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሲሌን የተባለው ውሑድ ነው፤ ይህ ሁለት እጅ ያለው ሞለኪውል ሲሆን በአንዱ እጁ የብረቱን ኦክሳይድ፥ በሌላው የቀለሙን ሰንሰለት ጨብጦ ድልድይ ይሆናል። ክሮሜትም ለብዙ ዘመን ለዚሁ ሥራ ሲያገለግል ኖሯል፤ አንዱ ዓይነቱ ግን ካንሰር የሚያመጣ ስለ ሆነ በብዙ አገር እየተተወ ነው።

5. የፍሎሪዳው ትምህርት

ወፍራምና ውድ ሽፋን ብቻውን እንደማይበቃ አሜሪካኖች በብዙ ገንዘብ ተምረዋል። በ1973 በፔንሲልቬንያ በሲሚንቶ ውስጥ የሚቀበረውን ፌሮ በኤፖክሲ ለብጦ ድልድይ መሥራት ተጀመረ፤ ሐሳቡም ጨው ፌሮውን እንዳያገኘው ነው። ከዚያ በኋላ በፍሎሪዳ በደሴቶች መካከል ባሕሩን የሚሻገሩ ድልድዮች በዚሁ ፌሮ ተሠሩ። ሎንግ ኪ በተባለው ድልድይ ላይ ግን ገና በ1986 የባሕሩ ውኃ በሚረጨው የምሰሶ ክፍል ፌሮው ዝጎ ሲሚንቶውን ሲሰነጥቅ ተገኘ። ሲመረመር ኤፖክሲው አልጠፋም፤ በብዙ ቦታ አለ። ነገር ግን በማጓጓዝና በማጠፍ ጊዜ ተጭሮ፥ በሙቅና ጨዋማ ርጥበት ውስጥም መያዣው ለቆ ነበር፤ ዝገቱም በሽፋኑ ሥር ተሸሽጎ ይሄድ ነበር። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይህ ነው።

6. በፋብሪካ የሚቀባው ቆርቆሮ

በገበያችን የምናየው ቀይ፥ ሰማያዊና አረንጓዴ ቆርቆሮ የሚቀባው ከመታጠፉ በፊት ነው። እንደ ጨርቅ ጣቃ የተጠቀለለው ዚንክ ለበስ ብረት እየተተረተረ በአልካሊ ይታጠባል፥ በውኃ ይለቀለቃል፥ የማያያዣውን መድኀኒት ይቀባል፥ ይደርቃል። ከዚያ 5 ማይክሮ ሜትር ያህል የመጀመሪያ ቀለም ተቀብቶ በምድጃ ውስጥ ያልፋል፤ ቀጥሎም 20 ማይክሮ ሜትር ያህል የላይ ቀለም ተቀብቶ ብረቱ ከ200 ዲግሪ በላይ እስኪግል ድረስ እንደ ገና ይጋገራል። ሁሉ የሚፈጸመው ሳይቋረጥ፥ የሰው እጅ ሳይነካው ነው። በሞገድ ቅርጽ የሚታጠፈው ከዚህ በኋላ ሲሆን ቀለሙ ሳይሰነጠቅ አብሮ መታጠፍ አለበት። ወደ አገራችን የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጥቅሉ ነው፤ ማጠፉ በአገር ውስጥ ይሠራል።

ሁለት ዓይነት ቀለም የሚያስፈልገውም በምክንያት ነው። ኤፖክሲ ያለበት የታችኛው ቀለም አጥብቆ ይይዛል፥ ነገር ግን ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጠመኔ ይቦናል። ፖሊስተሩ ደግሞ በመያዝ ቢያንስም ፀሐይን ይችላል። አንዱ መያዣ፥ ሌላው ጥላ ነው። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች የበጋው ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ቀለምን ይጎዳል።

እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራውን ቆርቆሮ ግን በጣራው ላይ በአንድ ቀን ማበላሸት ይቻላል። በመፍጫ መሣሪያ ሲቈረጥ እሳቱ ጠርዙ ላይ ያለውን ቀለምና ዚንክ ያቃጥላል፤ የሚረጨው ትኩስ የብረት ፍንጣሪም ቀለሙ ላይ ተጣብቆ በመጀመሪያው ዝናብ ይዝጋል። በቆርቆሮ መቀስ መቍረጥ ይሻላል። አንዱን በሌላው ላይ እየጎተቱ ማውረድም ቀለሙን ይጭረዋል። በክረምት ርሶ ተደራርቦ የተቀመጠ ቆርቆሮ ደግሞ በዚንኩ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ይህ የዚንክ ዝገት ነው።

7. በየሠፈሩ የምንቀባው

ከፋብሪካው ይልቅ የሚያሳስበው በየብረታ ብረት ቤቱና በየግቢው የሚሠራው ነው። አዲስና የሚያብረቀርቅ ነጭ ቆርቆሮ ለአጥር ወይም ለበር ይገዛና መልክ እንዲኖረው ሲንቴቲክ ቀለም በቀጥታ ይቀባል። ሲቀባ ያምራል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ግን ቀለሙ በሰፊው እየተነሣ ይወድቃል። ብዙ ሰው ቀለሙ የተቀላቀለበት ነው ብሎ ነጋዴውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የኬሚስትሪ ነው፤ ሳሙና የሚሠራው ከዘይትና ከአልካሊ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በዘይት ቀለሙ ውስጥ ያለው የስብ አሲድ ከዚንኩ ጋር እየተዋሐደ በመካከላቸው የዚንክ ሳሙና ይፈጥራል። በሳሙና ላይ የቆመ ቀለም ደግሞ አይጸናም።

በተራ ብረት ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ቀለሙ አንድ ቦታ ሲጫር እዚያ ብረቱ መሟሟት ይጀምራል፤ በጭረቱ ዳርና ዳር ከቀለሙ ሥር ደግሞ ቀደም ብዬ እንዳይረሳ ያልሁት አልካሊ ይፈጠራል። አልካሊው የዘይት ቀለሙን ወደ ሳሙና እየለወጠ መያዣውን ይፈታል፤ ስለዚህ ጭረቱ ጠባብ ሆኖ ሳለ መላጡ ይሰፋል። ኤፖክሲ ሰንሰለቱ በአልካሊ የማይበጠስ ስለ ሆነ ይህን ይበልጥ ይቋቋማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዘዴው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ሀ) ዚንክ ለበስ ቆርቆሮ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፥ ነጭ ዱቄት ካለው ተፍቆ፥ በብዙ ውኃ መለቅለቅና መድረቅ አለበት። ፊቱ በስሱ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ ይጠቅማል፤ አጥብቆ መፋቅ ግን ዚንኩን ይጨርሰዋል። ከሥሩ የሚቀባውም ለዚንክ የተዘጋጀ መሆኑ በጣሳው ላይ የተጻፈ መጀመሪያ ቀለም እንጂ ሲንቴቲኩ ራሱ መሆን የለበትም።

ለ) ተራ ብረት፥ ማለት ቱቦላሬና ላሜራ፥ አስቀድሞ ዘይቱ በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፤ ያለዚያ ቅባቱን ማዳረስ ይሆናል። ቀጥሎ የብየዳው ቅርፊትና ዝገቱ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይነሣል። ጠቍሮ የሚያብረቀርቀው የፋብሪካ ቅርፊት ጤነኛ ብረት ቢመስልም ኋላ ስለሚነሣ እርሱም መፋቅ አለበት። ዝገት ላይ አንቲረስት መቀባት ዝገቱን አያጠፋውም።

ሐ) ከፍቆ በኋላ ብረቱ ሳያድር በዚያው ቀን መቀባት አለበት። ጤዛ ባለበት ጧት መቀባት አይገባም። የሙያው ደንብ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ እንዲበልጥ ያዝዛል። በዳንግላ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ የሚሆኑ አይደሉም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ረፋዱ ላይ ይሻላል።

መ) አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለትና ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይበልጣል። ጠርዝና የብየዳ መስመር ቀለም ስለሚሸሽባቸው በተለይ አስቀድመው ይቀባሉ።

ሠ) ዝገቱ ሥር ሰዶ ፈጽሞ መፋቅ ካልተቻለ ታኒን ያለበት የዝገት መድኀኒት አለ። ታኒን ቆዳ የሚለፋበት፥ ዲከረንስን በመሳሰሉ የግራር ዘሮች ልጥ ውስጥ የሚገኝ ነገር ሲሆን ከቀረው ዝገት ጋር ተዋሕዶ ጥቍር ውሑድ ይሆናል። ይሁን እንጂ የሚላላጠውን ዝገት አስቀድሞ ማንሣት አይቀርም።

አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው ደግሞ ለጤናው ይጠንቀቅ። በብዙ የቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ነበረባቸው። ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በየበሩ ላይ አለ። ስለዚህ እያረጠቡ መፋቅ፥ አፍና አፍንጫን መሸፈን፥ ሕፃናትንም ከአቧራው ማራቅ ይገባል።

8. መያዙን በምን እናውቃለን?

ቀለም በዓይን አይፈተንም፤ የያዘውም ያልያዘውም በተቀባበት ቀን አንድ ይመስላሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 2409 በሚል ቍጥር ያወጣው ፈተና ግን ማንም ሊሠራው የሚችል ነው። ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በማይታይ ቦታ ላይ በስለታም ምላጭ 6 መስመር በቁም፥ 6 መስመር በአግድም ብረቱ ድረስ ይቈረጣል፤ ለስስ ቀለም መስመሮቹ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። 25 ትንንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። በላያቸው ላይ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፎ መንጨቅና የቀሩትን መቍጠር ነው። ሁሉም ከቀሩና ጠርዛቸው ካልተነካ ውጤቱ 0 ይባላል፤ ይህ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ እየባሰ ሲሄድ እስከ 5 ይደርሳል። የተፈተነው ቦታ በኋላ መቀባት እንዳለበት አይዘንጋ። ደረቁን ብቻ ሳይሆን ለአንድ ቀን በውኃ ርሶ የቈየውንም ናሙና መፈተን የበለጠ እውነቱን ያሳያል፤ ክረምቱ የሚፈትነው እንዲሁ ነውና።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ዘመድ ጣራ ሲያስከድን ወይም በር ሲያሠራ እናገኛለን፤ «የተማርህ አንተ ነህ፥ የትኛውን ልግዛ?» መባላችንም አይቀርም። ነገ ደግሞ በትምህርት ቤት፥ በጤና ጣቢያና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሆነን የብዙ በርና መስኮት፥ የብዙ ወንበርና ጣራ ሥራ የምንረከብ እኛ ነን። የተለመደው ርክክብ መልኩን አይቶ መፈረም ነው። ከእንግዲህ ግን ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ዚንኩ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው? ከመቀባቱ በፊት ፊቱ በምን ታጠበ፥ በምንስ ተፋቀ? የመጀመሪያው ቀለም ለዚህ ብረት የተዘጋጀ ነውን? በውል ጽሑፉ ላይ «ይቀባ» ብቻ ሳይሆን «ጸድቶ፥ ተፍቆና ደርቆ ይቀባ፤ በምላጭም ይፈተን» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ምንም አያስከፍልም።

ለማጽዳትና ለመፋቅ የሚወጣው የግማሽ ቀን ድካም ከተቀባ በኋላ የሚታይ አይደለም፤ ስለዚህም ሠሪው ሊዘልለው፥ ከፋዩም ላይከፍልበት ይወዳል። ቀለሙን በክረምት በቦታው የሚያቆየው ግን ያ የማይታየው ሥራ ነው።